የጀልባ ሞተር በጣና መካከል ሲቆም ምን ይደረጋል?



ስለ ጣና ብዙ ተጽፏል። ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ዓሣው፣ ከእርሱ ስለሚወጣው ስለ ዓባይ ያልሰማ የባሕር ዳር ልጅ የለም። በላዩ ስለሚመላለሱት የሽርሽር ጀልባዎች ግን፣ ይልቁንም ከኋላቸው አንድ ሞተር ብቻ ስለ ተሰቀለባቸው ጀልባዎች፣ በትምህርት ቤታችን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ዘንድሮ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታችንን ስንፈጽም፣ እንደ ልማዱ በጀልባ ወደ ዘጌ ለመሄድ አስበናል። በአንድ ጀልባ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ሆነን እንሳፈራለን። ስለዚሁ ጉዞ በክፍላችን ስንመካከር የኪራዩ ዋጋ፣ የምሳው ነገር፣ የፎቶግራፉም ነገር ተነሥቶ ብዙ ተከራከርንበት። ሞተሩ በመንገድ ላይ ቢቆም ምን እንደሚደረግ ግን የጠየቀ አልነበረም። በፊዚክስ ትምህርት የተማርነውን ጥቂት ነገር ይዤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በመኪና የሚሄድ ሰው ሞተሩ ቢቆምበት ወርዶ ከመንገድ ዳር ይቀመጣል። ጀልባ ግን ፍሬን የለውም፤ ሞተሩ በቆመ ጊዜ እርሱ አይቆምም፤ ነፋስና ሞገድ ወደ ፈለጉበት ይወስዱታል። ጣና ደግሞ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመካከሉ ሆኖ ዳር የማይታይበት ጊዜ አለ። ጠዋት እንደ መስተዋት ረግቶ የዋለ የሚመስለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት መልኩን ይለውጣል፤ ጀልባ ነጂዎች እንግዶቻቸውን በማለዳ ይዘው መውጣት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሞተር ለምን ይቆማል? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። ቤንዚን ያልቃል፤ ወይም ቤንዚኑ ሳያልቅ የገንዳው መተንፈሻ ቡሽ ሳይከፈት ይቀርና አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረዱን ይተዋል። ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ሲገለባበጥ ውኃና ቆሻሻ ይገባበታል። ነጂው በእጁ ወይም በልብሱ ላይ የሚያስረው፣ ወድቆ ከጀልባው ቢወጣ ሞተሩን የሚያጠፋው ጥምዝምዝ ገመድ ከመሰኪያው ይወልቃል፤ ይህን ሳያዩ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ሲጎትቱ የሚደክሙ አሉ ይባላል። የማቀዝቀዣው ውኃ መግቢያ በሣር ወይም በፌስታል ይደፈንና ሞተሩ ይግላል። ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ከጎኑ እንደ ቀጭን ምንጭ የሚፈስ ውኃ አለ፤ እርሱ ከቀነሰ ወይም ከደረቀ ነጂው ቶሎ ማጥፋት አለበት።

በእኛ አገር ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው እምቦጭ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በጣና ላይ ጎልቶ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሥሩ እንደ ጠጉር የተንዠረገገ ስለ ሆነ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ የውኃ መግቢያውንም ይደፍናል። ሁለተኛው የሚገርመኝ ነገር ነው፤ ይኸውም የቦታችን ከፍታ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነውና ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ በመቶ 3 ያህል ያጣል። ስለዚህ በላዩ «40 የፈረስ ጉልበት» ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው 33 ያህሉን ነው። ጉልበቱ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አገር እንደ ተስተካከለ ከመጣ፣ አየሩ ጥቂት ቤንዚኑ ብዙ ይሆንና ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ጥላሸት የያዘ ካንዴላ እሳት አይሰጥም። እንግዲህ በጣና ላይ የሚሠራ ጀልባ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ ሳይዝ መውጣቱ፣ ተማሪ ያለ እስክሪብቶ ፈተና እንደ መግባቱ ነው።

ከእናቴ ወንድሞች አንዱ ጀልባ ነጂ ነው። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ወደ እርሱ ሄጄ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ባሕር መካከል ቢቆምብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ይነሣል እንጂ!»

«ባይነሣስ?»

«ባይነሣማ ድንጋዩን እጥላለሁ፣ ለጓደኞቼ እደውላለሁ። ሌላ ምን አለ ልጄ?»

ሁለተኛ ትንሽ ሞተር መያዝ እንደማያስፈልገው ስጠይቀው ሳቀ። «በዚያ ገንዘብ የልጆቼን ቤት ክዳን እለውጥበታለሁ» አለኝ። እርሱ የሚለው ከንቱ አይደለም። የአንድ ጀልባ ገቢ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ እንግዳ በማይመጣበት ጊዜም እንዴት እንደሚኖሩ ቤታችን ያውቀዋል። ስለዚህ ርካሽ ከሆነው ረዳት ተነሥቼ ውድ ወደ ሆነው ብሄድ ይሻላል። ከአጎቴ ጋር የምስማማው በመጀመሪያው ቃሉ ነው፤ ማለትም ሞተሩን ለማስነሣት ከመታገል በፊት ጀልባውን ባለበት ማቆም ይቀድማል። የማልስማማው በድንጋዩ ነው። ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳ።

ነፋስ አንድን ነገር የሚገፋበት ኀይል የአየሩ እፍጋት ግማሽ፣ በነገሩ ስፋትና በነፋሱ ፍጥነት ስኩዌር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቅርጹ የሚያመጣውን ልዩነት ለጊዜው እንተወው። በጣና ከፍታ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ ሒሳቡ ይቀላል። ርዝመቱ 7 ሜትር የሆነ፣ የሸራ ጣራ ያለው፣ ሰዎች የተቀመጡበት ጀልባ ከጎኑ ሲታይ 6 ካሬ ሜትር፣ ከፊት ለፊቱ ሲታይ 2 ካሬ ሜትር ለነፋስ ያጋልጣል እንበል። ነፋሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ቢነፍስ፣ ይህም በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጀልባውን በጎኑ የሚገፋው ኀይል 192 ኒውተን፣ በፊቱ የሚገፋው ግን 64 ኒውተን ይሆናል። ሞተሩ የቆመ ጀልባ ካልተያዘ በስተቀር ወዲያው ዞሮ ጎኑን ለነፋስ ይሰጣል፤ ሞገዱም በጎኑ ይመታዋል፤ ተሳፋሪዎችም ደንግጠው ወደ አንድ ወገን የሚሰበሰቡት ያን ጊዜ ነው። መልሕቁ በጀልባው አፍንጫ ላይ ከታሰረ ግን አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞርና የሚገፋው ኀይል ሲሶ ይሆናል። መልሕቅን ከኋላ በሞተሩ በኩል ማሰር ግን ክፉ ነገር ነው፤ የጀልባው ጀርባ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ሞገዱ ዘሎ ይገባበታል።

አሁን ወደ አጎቴ ድንጋይ እንመለስ። በአገራችን የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ከውኃ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት በውኃ ውስጥ ከክብደቱ ሲሶውን ያጣል ማለት ነው። በየብስ ላይ 20 ኪሎ የነበረው ድንጋይ በጣና ወለል ላይ 13 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። በመሬቱ ላይ ሲንሸራተት የሚይዘው ኀይል ደግሞ የዚህ ግማሽ ቢሆን 6 ኪሎ ተኩል፣ ማለትም 64 ኒውተን ያህል ነው። ይህ እንግዲህ ከላይ ያገኘነው የነፋስ ኀይል ልኩ ነው! ነፋሱ ጥቂት ቢበረታ ወይም አንድ ሞገድ ጀልባውን ቢያናጥበው ድንጋዩ መጎተት ይጀምራል። የብረት መልሕቅ ግን በክብደቱ ሳይሆን እንደ ማረሻ ጥርሱን በጭቃው ውስጥ ተክሎ ስለሚይዝ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይችላል።

ማረሻው እንዲይዝ ግን ቀንበሩ ዝቅ ማለት አለበት። ገመዱ አጭር ሲሆን መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ረጅም ሲሆን በአግድም ስለሚጎትተው እየጠለቀ ይሄዳል። ስለዚህ የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ እንዲሆን ያዛሉ። በሳይን ሰንጠረዥ ብናየው፣ ሁለት እጥፍ ብቻ ከሆነ ገመዱ ከመሬት ጋር 30 ዲግሪ፣ ሰባት እጥፍ ከሆነ 8 ዲግሪ ብቻ ይሠራል። ጣና ደግሞ በዚህ ረገድ ቸር ሐይቅ ነው። ስፋቱ ያን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው። የጀልባው አፍንጫ ከውኃው በላይ ያለውን አንድ ሜትር ብንጨምርበት 15 ሜትር ይሆናል፤ አምስት እጥፉ 75፣ ሰባት እጥፉ 105 ሜትር ነው። እንግዲህ 100 ሜትር ገመድና አንድ መካከለኛ የብረት መልሕቅ ያለው ጀልባ በጣና ላይ የትም ቦታ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ይህን በሻላ ሐይቅ ላይ ማድረግ አይቻልም፤ የሻላ ጥልቀት ከ250 ሜትር በላይ ነውና። የጣና ጀልባ ነጂ እግዜር የሰጠውን ይህን ዕድል ትቶ በ15 ሜትር ገመድ ድንጋይ አስሮ መሄዱ ያሳዝነኛል። ይህን ሒሳብ ለአጎቴ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ገመዱስ ይገኛል» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

መልሕቁ የማይዝ ሲሆን፣ ወይም መልሕቅ ጨርሶ በሌለ ጊዜ፣ አንድ ባልዲ በጠንካራ ገመድ አስሮ ከአፍንጫው መጣል ይጠቅማል። ባልዲው ጀልባውን አያቆመውም፤ ነገር ግን በውኃ ተሞልቶ ስለሚጎተት አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል፤ መንሳፈፉንም ያዘገየዋል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ቅዳሜ ከዳር ሳንርቅ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰን፣ አጎቴም አብሮን ሳለ ይህን ሞክረነዋል። ባልዲ ያልነበረ ጊዜ ጀልባው ወዲያው ጎኑን ሰጠ፤ ባልዲው ሲጣል ግን ቀስ እያለ ፊቱን አዞረ። የባልዲው እጀታ ግን በሁለተኛው ሙከራ ተነቀለ። ስለዚህ ገመዱን ከእጀታው ብቻ ሳይሆን ከሥሩ አዙሮ ማሰር ይበጃል።

ጀልባው ከቆመ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ሞተሩ የሚኬደው። ቤንዚን አለ ወይ? የገንዳው መተንፈሻ ተከፍቷል ወይ? የማጥፊያው ገመድ በቦታው ነው ወይ? በፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ነገር አለ ወይ? ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይታያል። ፕሮፔለሩን በእጅ ከመንካት በፊት ግን የማጥፊያውን ገመድ ማውለቅና ሞተሩን ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ሣሩ ወይም የመረቡ ክር በቢላዋ ይቆረጣል፤ ለዚህም ብሎ ወደ ውኃ መዝለል አያስፈልግም። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ደግሞ፣ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ካስማ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ይህ ካስማ የተሠራው ሆን ተብሎ እንዲሰበር ነው፤ ድንጋይ ቢመታው እርሱ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። ትርፍ ካስማ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የቤንዚን ፊልትሮ በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጡ ከአንድ ምሳ ሣጥን የበለጠ ቦታ አይዙም።

ሞተሩ እንቢ ካለስ? መቅዘፊያ አለ የሚል ይኖራል። መቅዘፊያ መኖር አለበት፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ያልሠለጠነ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት 75 ዋት፣ ማለትም ከአንድ የፈረስ ጉልበት ዐሥረኛው ብቻ ነው። ከዚህም ግማሹ ውኃውን በማናጥ ይባክናል እንበል። ሁለት ቀዛፊዎች በአንድነት 75 ዋት ያህል ለጀልባው ይሰጣሉ ማለት ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 12 ሜትር ሲነፍስ ከፊት የሚገፋው ኀይል 144 ኒውተን ይሆናል። 75ን ለ144 ብናካፍል በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ይመጣል፤ ይህም በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ ሞገዱና የውኃው ግጭት ገና አልተቀነሰለትም። በሴኮንድ 4 ሜትር ብቻ በሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ግን የሚገፋው ኀይል 16 ኒውተን ብቻ ነውና ያው ሁለት ሰው በደኅና ያደርሳል። የነፋሱ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ዘጠኝ እጥፍ እንደ ሆነ ልብ በሉ። ስለዚህ በመቅዘፊያ መሄድ የሚቻለው በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ዳሩም ቅርብ ሲሆን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከነፋስ ጋር መታገል ጉልበት መጨረስ ነው። ነፋሱ ወደ መልካም ዳርቻ የሚገፋ ከሆነ የጣራውን ሸራ ፈትቶ በሁለት ሰው እጅ መዘርጋትም ይረዳል። ነፋሱ ወደ ድንጋያማ ዳር የሚገፋ ከሆነ ግን ሸራውን ጠቅልሎ ማውረድ ይሻላል፤ ስፋት ሲቀንስ ኀይልም ይቀንሳልና።

በዚህ ጊዜ የታንኳ ነጂዎችን ሳላደንቅ አላልፍም። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ነፋስ የሚይዘው ስፋት የለውም፤ ክብደቱም ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይነዳዋል። ሞተር የለውምና ሞተሩ አይቆምበትም! ትልቅ ጀልባ ሊጎትት ባይችልም መልእክት ያደርሳል።

ሁለተኛ ትንሽ ሞተር ያለው ጀልባ ከሁሉ የበለጠ ዋስትና አለው። ብዙ ሰው ትንሽ ሞተር ትልቅ ጀልባ አይገፋም ብሎ ያስባል፤ ይህ ስሕተት ነው። ውኃውን እየሰነጠቀ በዝግታ ለሚሄድ ጀልባ የሚያስፈልገው ጉልበት በግምት በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንተኛው ብቻ ነው። በ33 የፈረስ ጉልበት የሚሄደው ጀልባ በ4 የፈረስ ጉልበት የፍጥነቱን ግማሽ ያገኛል። በላዩ 5 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በጣና ከፍታ የሚሰጠው ይህንኑ 4 ያህል ነው። 4 የፈረስ ጉልበት 3,000 ዋት ያህል ነው፤ ግማሹ ቢባክን እንኳ የሁለቱን ቀዛፊዎች ሃያ እጥፍ ይሠራል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ሞተር ከ200 ጉዞ አንድ ጊዜ ይቆማል ብለን እናስብ። ሁለቱ በአንድ ጉዞ የሚቆሙበት ዕድል 200 ጊዜ 200፣ ማለትም ከ40,000 አንድ ነው ብለን በፕሮባቢሊቲ ትምህርት እንሠራለን። ይህ የሚሆነው ግን የአንዱ መቆም ከሌላው ጋር ግንኙነት ከሌለው ብቻ ነው። ሁለቱም ከአንድ ገንዳ የሚጠጡ ከሆነና ቤንዚኑ ካለቀ ወይም ውኃ ከገባበት፣ ሁለት ሞተር እንደ አንድ ሞተር ነው። በ1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ሁለት ሞተር ነበረው፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሁለቱም ቆሙና በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ሰዎች የተረፉት 50 ናቸው። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት ማዳኛ ሰደሪያቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በአየር ስለ ሞሉት፣ ውኃው ሲገባ ወደ ጣራው ተገፍተው መውጣት አልቻሉም። ይህን የማነሣው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ለጀልባም ሁለት ነገር ያሳየናል፤ ትንሹ ሞተር የራሱ ጀሪካን ይኑረው፤ ደግሞም ጣራ ባለው ጀልባ ላይ የጎን መጋረጃ ታስሮ መዘጋት የለበትም፤ ጀልባው ቢገለበጥ ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው ወደ ጎን መውጫ ያስፈልገዋልና።

ትንሹ ሞተር በየወሩ መነሣት አለበት። ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የኖረ ሞተር በክፉ ቀን ይነሣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ይሆናልና። በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮችም አሉ። መካከለኛው 25 ኪሎ ያህል የመግፋት ኀይል አለው፤ ከ12 ቮልት ባትሪ 50 አምፔር ይወስዳል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የተለመደ የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ስለ ሆነ፣ በሙሉ ኀይሉ አንድ ሰዓት ብቻ ይሠራል። ከዳር ሳይርቁ ለሚዝናኑ ይበቃል፤ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለሚሄዱ አይበቃም።

የቤንዚኑ ነገር ግን ምንም ዕቃ አያስገዛም። ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለማይታወቅ ነገር ይሁን ይላሉ። መሄጃው 15 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ 45 ሊትር ይያዛል። በመመለሻው ነፋሱ ከፊት ቢሆን ከመጠባበቂያው ሊወሰድ እንደሚችል ከላይ ያየነው ሒሳብ ይነግረናል። ቤንዚን በሚወደድበትና በሚጠፋበት ጊዜ ግን ይህን ሲሶ የሚቀንሱት እንዳሉ አጎቴ ራሱ አልደበቀኝም።

የቀረው እርዳታ መጥራትና መጎተት ነው። ከመነሣት በፊት ለአንድ በየብስ ለሚቀር ሰው የት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰው እንደ ሆኑና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ መንገር ከሁሉ ይቀላል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ፍለጋው ይጀመራልና። ከተሳፋሪዎች ስልክ አንዱ ጠፍቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ስልክ ባይሠራ ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ደጋግሞ ቀስ እያሉ ከፍና ዝቅ ማድረግ በዓለም ሁሉ የታወቀ የጭንቅ ምልክት ነው፤ አንድ እጅን ብቻ ማወዛወዝ ግን ሰላምታ ይመስላል። በቀን መስተዋት፣ በማታ ባትሪ፣ በጭጋግ ፊሽካ ይረዳል። ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ጀልባውን ትቶ መዋኘት አይገባም፤ የሰው ራስ በሞገድ መካከል አይታይም፤ ጀልባ ግን ከሩቅ ይታያል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ደግሞ ጉማሬ አለ።

የሚጎትት ጀልባ ሲመጣ ገመዱ በአፍንጫው ባለው ጠንካራ ቀለበት ይታሰራል፤ በመቀመጫ ወይም በጣራው ቋሚ ላይ አይታሰርም። ገመዱ ይርዘም፤ ሞገዱ ሲያናጥብ የሚለጠጥበት ያገኛል። የሚጎትተው ቀስ ብሎ ይነሣ። ሁሉም ሰው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም፤ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመታል። ቢላዋም በእጅ አጠገብ ይሁን።

ለዘጌው ጉዞ የምንከራያቸውን ጀልባዎች የሚመርጡ ተማሪዎች ተመድበዋል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ጠይቀን የምንመጣው ስለ ዋጋው ብቻ እንዳይሆን ተስማምተናል፦ መልሕቁንና ገመዱን እናያለን፤ ላይፍ ጃኬቱን ለዐሥራ ሦስት ሰው እንቆጥራለን፤ ዐሥራ ሦስተኛው ነጂው ነውና። የገመዱን ርዝመት በዓይን መገመት ስለማይቻል በየ10 ሜትሩ ቀይ ጨርቅ የምናስርበት ሜትር ከስፖርት ክፍሉ ተውሰናል። አጎቴ ባለፈው ሳምንት 100 ሜትር ገመድ ከገበያ ገዝቶ መጥቷል፤ የመጀመሪያውን ጨርቅ የምናስረው በእርሱ ገመድ ላይ ነው።